በካሬ ስንት ኪሎ?

ቦሌ አትላስ ሰፈር ሰው ለመመዘን ሚዛን አያስፈልግም፤ ሰላምታ ይበቃል። ከአትላስ ሆቴል ወዲያ ያለውን መንገድ ዳር ዳሩን ይዞ የሚሄድ ሰው ጥጉ ጋ ሳይደርስ ሦስቴ ተመዝኖ ያበቃል። አንዱ ከመኪና መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ኧረ ተመችቶሃል!» ይለዋል። አንዷ ከካፌ በረንዳ ላይ ሆና «ውይ በሞትኩት፣ ምነው እንዲህ ከሳህ? አሞህ ነበር እንዴ?» ትለዋለች። ሦስተኛው ነገር አያበዛም፤ ቦርጩን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ስንተኛ ወርህ ገባ?» ብሎት ያልፋል። ሦስቱም የተናገሩት በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ያንኑ ሸሚዝ ስለለበሰ ስለ ያው አንድ ሰው ነው።

በእኛ ዘንድ ኪሎ የግል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ደመወዝህን ለመጠየቅ ይሉኝታ የሚይዘው ሰው ስለ ሆድህ ሲያወራ ምንም አይይዘውም። ለእያንዳንዱ ኪሎ ደግሞ ማብራሪያ አለን። ሙሽራ ከሠርጉ በኋላ ሞላ ካለ ምስጋናው ለሚስቱ ነው፤ ከከሳም ወቀሳው የሷው ነው። ሰው ተሹሞ ዓመት ሳይሞላው ካልወፈረ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሹመት ነው?» ይባላል። ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ቀጥኖ ሲገኝ፣ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አበባ ይዞ የቆመው ቤተሰብ እርስ በርሱ ይተያይና «ኑሮው አልሆነለትም መሰለኝ» ይባባላል። ሰውየው ለመቅጠን ሲል በየወሩ ለስፖርት ቤት ስንት ዶላር እንደሚከፍል ቢነግራቸውማ የባሰ ያዝኑለታል። ገንዘቡን ከፍሎ የሚከሳ ሰው!

ይህ አመል እንዲያው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ በዓይኑ ያየ፣ ወይም ካየ ሰው አፍ የሰማ ሕዝብ፣ ሥጋ የለበሰ ሰው ሲያይ ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ክሳት ማለት በሽታ ነበር፤ ጦም ማደር ነበር፤ ሐዘን ነበር። እናቶቻችን «ብላ፣ በሞቴ!» እያሉ ጉርሻ ሲደራርቡብን ለዛሬ ብቻ አልነበረም፤ ለሚመጣው ክፉ ቀን ጭምር ስንቅ እያስቋጠሩን ነበር። እንግዲህ ክፉው ቀን ወደ ብዙዎቻችን ሳይመጣ ቀረ፤ ስንቁ ግን ወገባችን ላይ ተቋጥሮ ቀረ።

ሁለት ጓደኞች አሉኝ። ስማቸውን አላነሳም፤ አንዱን ወፍራሙ፣ ሌላውን ቀጭኑ እያልኩ ልቀጥል፤ ሰፈሩም የሚጠራቸው እንዲሁ ነው። ወፍራሙ የሒሳብ ሰው ነው፤ ጠዋት ወንበር ላይ የተቀመጠ ማታ ይነሣል። ቀጭኑ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ እሱም ያው ወንበር ላይ ነው የሚውለው፤ ነገር ግን ሥጋ አይዘውም። ይህን ሥጋ አለመያዙንም እንደ ትልቅ ሥራ ይቆጥረዋል። «እኔ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የሱሪ ቁጥሬ አልተለወጠም» ይላል፣ ወፍራሙ ሁለተኛ እንጀራ ሲያዝ ጠብቆ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ከምሳ ስንመለስ ወፍራሙ ሚዛን ላይ ልውጣ አለ። ሚዛኑ ሩቅ አልነበረም። እግረኛ መንገዱ ዳር አንድ ልጅ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን አስቀምጦ፣ ካርቶን ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «ክብደት» ብሎ ጽፎ ተቀምጧል። ሚዛኑ ባዶውን ሳለ መርፌው ዜሮ ላይ አይቆምም፤ ልጁ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ጎማ በአውራ ጣቱ እያዞረ ያስተካክለዋል። ወፍራሙ ጃኬቱን፣ ሁለት ስልኩን፣ የመኪና ቁልፉንና ቦርሳውን ለእኔ አስይዞ፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ወጣ። ትንፋሽ መሳብ ኪሎ እንደማይቀንስ ልጁ ያውቃል፤ ግን ደንበኛ ነውና ዝም አለ።

«ስንት ይላል?» አለ ወፍራሙ፣ ወደ ታች ለማየት እየሞከረ።

«ጋሼ፣ ከእርስዎ በኩል አይታይም» አለ ልጁ በትሕትና። «በእኔ በኩል 86 ይላል።»

«ሚዛንህ ልክ ነው ግን?»

«ቀጫጮቹ አብዝቶ አይነግረንም ይላሉ፤ ወፍራሞቹ አሳንሶ አይነግረንም ይላሉ። ሁለቱም ከተቀየሙ ልክ ነው ማለት ነው።»

እንዲህ ያለ መልስ ከዳኛም አይገኝም። ወፍራሙ ግን ይግባኝ አለ። ይግባኙን ያቀረበው ትንሽ ወረድ ብሎ ለቆመው ለዘመናዊው መሣሪያ ነው፤ ረጅም ብረት ያለው፣ ቁመትን ከላይ ለክቶ ክብደትን ከታች መዝኖ፣ በባዕድ ቋንቋ አንድ ነገር ተናግሮ ወረቀት የሚተፋው። ወረቀቱ ላይ ሦስት ቁጥር ወጣ፦ 1.70፣ 86፣ እና 29.8።

«29.8 ምንድን ነው?» አለ ወፍራሙ። «ከመቶ ነው? ወደቅኩ በለኛ!»

«ማለፊያው ከ25 በታች ማምጣት ነው» አለ ቀጭኑ።

«ከ25 በታች ማምጣት ለእኔ ምን ይቸግረኛል? ሒሳብ ትምህርት ላይ ሳመጣ የኖርኩት እሱን አይደለም?» አለና የሒሳብ ሠራተኛ መሆኑ ትዝ ሲለው ዝም አለ።

ያቺ ሦስተኛዋ ቁጥር ሐኪሞች ቢኤምአይ የሚሏት ናት። ስሌቷ ቀላል ነው፤ ክብደትን በኪሎ ትወስዳለህ፣ ቁመትህን በሜትር በራሱ ታባዛለህ፣ ከዚያ ኪሎውን በተገኘው ታካፍላለህ። የወፍራሙ 1.70 ሲባዛ በ1.70፣ 2.89 ይመጣል፤ 86 ለ2.89 ሲካፈል 29.8 ነው። መለኪያው ኪሎ በካሬ ሜትር ነው እንግዲህ። ይህ ለቦሌ ሰው ሊከብደው አይገባም። እዚህ መሬት በካሬ ይጫረታል፣ ሱቅ በካሬ ይከራያል፣ አፓርታማ በካሬ ይሸጣል፤ ሰውም በተሰጠው ካሬ ላይ ስንት ኪሎ እንደገነባ ቢጠየቅ ምን ነውር አለው? ወፍራሙ በ2.89 ካሬ ላይ ከፕላኑ በላይ ገንብቷል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ፕላኑን ያወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ነው። ለአዋቂ ሰው ከ18.5 በታች ክብደት ማነስ ነው፤ ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማው ክልል ነው፤ ከ25 እስከ 29.9 ከመጠን ያለፈ ክብደት ይባላል፤ 30 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው። ወደ ኪሎ ስንመልሰው፣ ቁመቱ 1.60 የሆነ ሰው ከ47.4 እስከ 63.7 ኪሎ፣ ቁመቱ 1.70 የሆነ ደግሞ ከ53.5 እስከ 72 ኪሎ ድረስ ቢመዝን ማንም አይናገረውም። ክልሉ ሰፊ ነው፤ የጎረቤት አፍ ግን ከዚያም ይሰፋል። ነፍሰ ጡርና ልጆች በዚህ አይዳኙም፤ ለልጆች እንደ ዕድሜያቸው የተዘጋጀ ሌላ ሠንጠረዥ አለ።

ወፍራሙ ስሌቱን ሲረዳ መጀመሪያ የታየው መውጫ ቀዳዳው ነው። ኪሎ ከላይ፣ ቁመት ከታች ከሆነ፣ ቁመትን ከፍ ማድረግም ያው ማስተካከል አይደለም? ወንድ ልጅ በቁመቱ ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ሲጨምር ያልተያዘበት አገር ነው። ሠራነው። 1.75 ብንለው 28.1 ወረደ። ከ25 በታች ለመግባት ግን 1.86 ሜትር መሆን አለበት። ስለዚህ ከፊቱ ሁለት መንገድ ቀረለት፤ ወይ 16 ሳንቲ ሜትር ማደግ፣ ወይ 14 ኪሎ መቀነስ። ከአርባ ዓመት በኋላ ሁለቱም ከባድ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ግን የሞከረ ሐኪምም የለም።

የእኔ ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ቀደም ሲል ኪሎ የግል ጉዳይ አይደለም ያልኩት ስለ ሌላ ሰው ኪሎ ነው።

አሁን ይህችን ስሌት ማን አመጣብን ወደሚለው እንሂድ። ሐኪም የመሰለው ተሳስቷል። አዶልፍ ኬትሌ እ.ኤ.አ. በ1796 ጌንት ከተማ የተወለደ የቤልጅግ የከዋክብት ተመራማሪና የሒሳብ ሊቅ ነበር። ብራስልስ ላይ የከዋክብት መመልከቻ ካቋቋመ በኋላ ዓይኑን ከሰማይ ወደ ምድር መለሰና የሰውን ልጅ ይለካ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1835 ባሳተመው መጽሐፉ «አማካይ ሰው» ምን ይመስላል ብሎ ሲመረምር፣ የአዋቂ ሰዎች ክብደት ከቁመታቸው ካሬ ጋር አብሮ እንደሚሄድ አየ። ስለ ቦርጭ አንድም ክስ አልነበረውም፤ ማንንም ክሳ አላለም። የፈለገው ሕዝብን በጅምላ ማወቅ ነበር። ቁጥሩ ከመቶ ዓመት በላይ መደርደሪያ ላይ ከቆየ በኋላ፣ የሚኔሶታው ተመራማሪ አንሴል ኪስ እ.ኤ.አ. በ1972 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አወጣውና ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጠው። እነሱም ቢሆኑ ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ለማጥናት ይመቻል አሉ እንጂ፣ አንድን ሰው አቁማችሁ ፍረዱበት አላሉም።

የ25ቱ ወሰን ራሱ ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለወንድ 27.8፣ ለሴት 27.3 የነበረው እ.ኤ.አ. በ1998 ለሁለቱም ወደ 25 ዝቅ ሲል፣ ሚሊዮኖች አንዲት ጉርሻ ሳይጨምሩ በአንድ ስብሰባ ወፈሩ። ለእስያ ሰዎች ደግሞ ስኳርና የልብ በሽታ በአነስተኛ ኪሎም ስለሚይዛቸው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ከ23 ጀምሮ ጥንቃቄ ይደረግ ብለዋል። ያው ሰው፣ ያው ሆድ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሲወርድ ሌላ ስም ይሰጠዋል።

በጅምላ የተሠራ ቁጥር በችርቻሮ ሲሸጥ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የራሳችን አበበ ቢቂላ አለልን። በኦሎምፒክ መዛግብት ላይ ቁመቱ 1.77 ሜትር፣ ክብደቱ 57 ኪሎ ተብሎ ተጽፏል። አካፍሉት፦ 18.2። ከ18.5 በታች! ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ዓለምን ያስደመመው ክብር ዘበኛ፣ በአትላሱ መሣሪያ ላይ ቢቆም «ክብደትዎ አነስተኛ ነው፣ ሐኪም ያማክሩ» የሚል ወረቀት ተሰጥቶት ይሄድ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይማ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ከአንድ ወር ብዙም ሳይርቅ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ በድጋሚ ካሸነፈ በኋላ፣ ሁለተኛው ሯጭ እስኪመጣ ሣሩ ላይ ተንጋሎ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። የሰፈራችን ሴቶች ቢያዩት ኖሮ ደግሞ ገንፎ ሳያበሉ አይለቁትም ነበር።

በወዲያኛው ጫፍ የጭፈራ ቤት በር ላይ የሚቆሙት ጠባቂዎች አሉ። ቁመቱ 1.80፣ ክብደቱ 100 ኪሎ የሆነ፣ ብረት በማንሣት ክንዱ እንደ ጭን የሆነ ጎረምሳ 30.9 ያመጣል። በወረቀቱ መሠረት ከልክ ያለፈ ውፍረት አለበት። ይህንን ሄዶ የሚነግረው ሰው ከተገኘ አብሬው እሄዳለሁ፤ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ። ሚዛን ጡንቻና ስብን አይለይም፤ ኪሎ ለሱ ኪሎ ነው።

«ታዲያ እኮ ውሸት ነው ማለት ነው!» አለ ወፍራሙ፣ ይህን ሁሉ ስነግረው ፊቱ እየበራ። ወረቀቱን ሊቀደው ሲል ያዝኩት። እሱ አበበ ቢቂላ አይደለም። ጠባቂም አይደለም። ቁጥሯ የምትስተው ሯጭና ብረት አንሺ ላይ ነው፤ ወንበር ላይ ለሚውል የሒሳብ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ እውነቷን ነው።

ለሕዝብ ስትሆንማ ጨርሶ አትዋሽም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በየጊዜው ባካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች መካከል በ1992 ዓ.ም. 30 ከመቶ ያህሉ ከ18.5 በታች ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 22 ከመቶ ወረደ። በዚያው ዘመን ከ25 በላይ የሆኑት ከ3 ከመቶ ወደ 8 ከመቶ ወጡ። ይህ የአገር አማካይ ነው። አዲስ አበባ ብቻዋን ስትታይ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሴቶች 3ቱ ከ25 በላይ ነበሩ። አንድ አገር በአንድ እጇ ክሳትን፣ በሌላው ውፍረትን ይዛ ትሄዳለች። ሩቅ አገር መፈለግም አያስፈልግም፤ አትላስ ላይ ሕንፃ የሚሠራው የቀን ሠራተኛ ፓስታ በእንጀራ በልቶ ሲሚንቶ ተሸክሞ አሥረኛ ፎቅ ይወጣል፤ ያ ሕንፃ ሲያልቅ የሚገባበት ሰው ሁለተኛ ፎቅ በአሳንሰር እየወጣ፣ ምድር ቤት ባለው ስፖርት ቤት ደረጃ የሚያስወጣ ማሽን ላይ ለመሮጥ በወር ይከፍላል።

ከታች ያለው ቁጥርም ቀልድ አይደለም። ከ18.5 በታች የሆነች እናት ክብደቱ ዝቅ ያለ ልጅ የመውለድ አደጋዋ ከፍ ይላል፤ ሰውነቷም በሽታ የመቋቋም አቅሙ ይደክማል። ሰፈሩ «ሞዴል መስለሻል» እያለ የሚያሞግሳት ልጅ ምሳ የማትበላው አምሮባት ይሁን ቸግሯት የጠየቃት ላይኖር ይችላል።

ወደ እኛ ወደ ስንቀኞቹ እንመለስ። ወፍራሙ «እኔ እኮ ብዙ አልበላም» ይላል፤ እውነቱንም ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠጣው ነው። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ስኳር አለ። ማኪያቶው ላይ ደግሞ ሦስት ማንኪያ ይጨምራል፤ «ቡናው መራራ ነው» እያለ። ማታ ደግሞ ቢራው አለ፤ ቢራ ብቻውን መጥቶ አያውቅም፣ ጥብስ አስከትሎ ነው።

ጾም ያድነኛል የሚለውም ክርክር አለው። ኦርቶዶክሱ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ። በዚህ ስሌት አገሩ ሁሉ ሸምበቆ መሆን ነበረበት። ዳሩ ግን ጾም ቅቤን እንጂ ዘይትን አይከለክልም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ይሰጣል፤ ይህን ለማቃጠል የወፍራሙን ያህል የሚመዝን ሰው ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር መራመድ አለበት። ሽሮው ዘይት ጠልቆ ይመጣል፤ ፍርፍሩ በዘይት ያብለጨልጫል፤ ሳምቡሳና የጾም ኬክ ከዚያ ይከተላሉ። ሁዳዴ ሲገባ «አሁን እከሳለሁ» ብሎ የጀመረ ሰው ፋሲካ ሲደርስ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ያስበሳል፤ ከዚያ ደግሞ ፋሲካው ራሱ አለ።

እንቅስቃሴውንም ቢሆን እናውቅበታለን፤ በዓል እናደርገዋለን። ከ1994 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጀምሮ በየዓመቱ በታላቁ ሩጫ መስቀል አደባባይ በቲሸርት ይጥለቀለቃል፤ 10 ኪሎ ሜትሩ ሲያልቅ ግማሹ ሯጭ በቀጥታ ሥጋ ቤት ይገኛል፤ «ተቃጥሏል፣ መተካት አለበት» ይላል። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በወር አንድ እሑድ መንገዱን ከመኪና አስለቅቆ ለእግረኛ ሰጠው፤ ወፍራሙ ወደዚያ የሚሄደው በመኪና ነበር። ከዓለም ጤና ድርጅት የሚመጣው ምክር ደግሞ ምንም ቲሸርት የለውም፤ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል ይላል። የኮሪደር ልማቱ በየሰፈሩ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አነጠፈልን፤ እስካሁን አብዛኞቻችን ፎቶ ተነስተንበታል።

ቀጭኑ ይህን ሁሉ ሲሰማ የሌላ አገር ዜና እንደሚሰማ ነበር። የሱ 66 ኪሎ ለ1.72 ሜትር 22.3 ነው፤ ከጤናማው ክልል መሀል። «እኔን አይመለከተኝም» አለና የወፍራሙን ቁርጥ በሹካ ወደ ራሱ ሳበ።

ሥጋ ቤት ነበርን። የሥጋ ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም ጋሼ የሚሉት ሸምገል ያሉ ሰው፣ ክርክራችንን ከባንኮኒው ጀርባ ሲሰሙ ቆይተው ሲባጎ ይዘው መጡ። አንድ ሐኪም ደንበኛቸው ያሳያቸውን ሊያሳዩን ነው። ቀጭኑን አቁመው ከራስ ቅሉ እስከ ተረከዙ ሲባጎውን ዘርግተው ቆረጡት። ከዚያ እኩል አጠፉትና «ይሄው ግማሽ ቁመትህ። አሁን እምብርትህ ላይ አዙረው። ከገጠመ ደኅና ነህ» አሉት።

አዞረው። አልገጠመም። አራት ጣት ቀረው።

ያን ጊዜ ነው የሱሪው ምሥጢር የተገለጠው። የሱሪው ቁጥር በእርግጥ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚታጠቅበት ቦታ ነው። ዱሮ እምብርቱ ላይ የነበረው ቀበቶ ቀስ በቀስ ወርዶ ከቦርጩ ሥር ገብቷል። ክንዱ ቀጭን፣ እግሩ ቀጭን፣ መሀሉ ላይ ግን ሸሚዝ የደበቀው አንድ ነገር አለ። «ሲባጎው ረጥቦ አጥሯል» አለ ቀጭኑ። ወፍራሙም ተለካ፤ እሱማ አንድ ሙሉ ስንዝር ቀረው። ሰንበት ብሎም ቢሆን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀጭኑ ጋር አንድ ክፍል በመውደቁ ደስ አለው።

ጋሼ ያሳዩን ነገር ቀልድ አይደለም። የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ እንዳይበልጥ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች የሚመክሩት ነው። በሜትር ለሚለካ ደግሞ፣ ወንድ ከ94 ሳንቲ ሜትር፣ ሴት ከ80 ካለፉ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ምክንያቱም ዳሌና ጭን ላይ የተቀመጠ ስብ በአመዛኙ ዝምተኛ ነው፤ ሆድ ውስጥ ጉበትና አንጀት መሀል የገባው ግን ሥራ አይፈታም፤ ስኳርን፣ ደም ግፊትንና የደም ቅባትን ያነሣሣል። ቢኤምአይ ስንት ኪሎ እንዳለህ ትነግርሃለች፤ የት እንዳስቀመጥከው ግን አታውቅም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ በላንሴት መጽሔት ሥር የተሰባሰቡ ባለሙያዎችም ይህንኑ አሉ፤ በዚህች ቁጥር ብቻ ማንም ሰው ታመመ አይባል፣ ወገቡ ይለካ፣ ሰውነቱ ሥራውን በትክክል መሥራቱ ይታይ አሉ።

«ስኳር የወፍራም በሽታ ነው» የሚለውን ተረት ደግሞ እኛው አገር ያሉ ሐኪሞች ካፈረሱት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ከጎንደር የወጣው ጥናት የሚናገረው ስለ ድሃ የገጠር ገበሬዎች ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ በቂ ምግብ ያላገኙ፣ ቀጫጭን፣ ኢንሱሊን ግን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር ለተያያዘው ለዚህ ዓይነት «ዓይነት 5» የሚል መጠሪያ ሰጠው። ቀጭን ነኝ ብሎ ደረቱን የሚነፋ ሰው ስለዚህ ቢያንስ አንዴ ይመርመር።

ሁለቱም ሄደው ተመረመሩ። የወፍራሙ ስኳር ደኅና ሆነ፤ ግፊቱ ግን ከፍ ብሏል። የቀጭኑ ግፊት ደኅና ሆነ፤ በባዶ ሆዱ የተለካው ስኳሩ ግን 118 መጣ። በሽታ ለመባል 126 መድረስ አለበት፤ ቢሆንም ሐኪሙ «መንገድ ላይ ነህ» አሉት። «እኔ?» አለ ቀጭኑ፣ በስም ተሳስተው እንደጠሩት ሰው ዙሪያውን እያየ።

ሐኪሙ ለሁለቱም የሰጡት መድኃኒት ተመሳሳይ ነበር። ለስላሳና ስኳር ይቀንስ፤ ዘይቱ በማንኪያ ይለካ፤ አትክልትና ጥራጥሬ ይብዛ፤ በየቀኑ በእግር ይኬድ። ወፍራሙም 14 ኪሎ ሲባል የወረደበት ጭንቀት ቀለለለት። ከክብደቱ ከመቶ 5 እስከ 10 ብቻ ቢቀንስ ግፊቱና የደሙ ሁኔታ እንደሚሻሻል ነገሩት፤ ለሱ ይህ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ወዲያውኑ በስልኩ ላይ በሳምንት 10 ኪሎ አጠፋለሁ የሚል የሻይ ማስታወቂያ መጣለት፤ ሐኪሙ ሳይወዱ ሳቁ። «በሳምንት 10 ኪሎ የሚያጠፋውን ሻይ እኔም ሰምቼዋለሁ» አሉት፤ «ከኪሎው በፊት የሚያጠፋው ገንዘብህን ነው።»

አሁን ማታ ማታ ከአትላስ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም አብረው ይወርዳሉ፤ ሲሄዱ ስለ ፖለቲካ ስለሚከራከሩ ፍጥነታቸው ሐኪሙ ካዘዙት በላይ ነው። ወፍራሙ 81 ኪሎ ደርሷል። 28 ነው፤ ለዚያ መሣሪያ አሁንም ከመጠን ያለፈ ነው፤ ግፊቱ ግን ወርዷል። ቀጭኑ አንድም ኪሎ አልቀነሰም፤ ቁጥሩ 22.3 ላይ ተተክሎ ቀርቷል፤ ሲባጎው ግን ለጥቂት ሊገጥም ነው። አንዱ በቁጥሩ ወድቆ በጤናው ተሻለው፤ ሌላው በቁጥሩ አልፎ ኖሮ ገና አሁን ማጥናት ጀመረ። በሁለቱ መሀል ሆኜ ሳየው፣ ያቺ ወረቀት ጠቃሚነቷ ሰውን ወደ ሐኪም እስክታደርስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ወገብ፣ ደምና እግር ይናገራሉ።

በዚህ ሁሉ የከሰሩት የሥጋ ቤቱ ጋሼ ብቻ ናቸው። ዱሮ ኪሎ ተኩል የምናዝ ሰዎች አሁን ግማሽ ኪሎ ለሦስት አዝዘን፣ ለስላሳውን በውኃ ቀይረን፣ ሰላጣ ይጨመርልን እንላለን። ባለፈው ሒሳብ ሲያመጡ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉና «ያን ሲባጎ ያኔ እጄ ላይ ባይገኝ ምን ነበረበት!» አሉ። «እናንተን ያተረፍኩ መስሎኝ ሱቄን አከሳሁት።»